ዘጠኝ ቀን ለስምንት ሙታን

የጎሳችን የዘር ሐረግ መጽሐፍ በየሠላሳ ዓመቱ ይታደሳል። ዘንድሮ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ድሮ የሴት ልጅ ስም የማይገባበት መጽሐፍ፣ ዛሬ ሴት ካላነበበችው የሚያነበው ጠፋ። መጽሐፉ የተጻፈበትን የጥንቱን የቻይና ፊደል የሚያውቁት ወንዶች አልቀዋል፤ የተረፉት ሴኡል ገብተው አፓርታማ ይሸጣሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህርት ነኝ። ስሜ ፒልናም ነው፤ "ቀጣዩ የግድ ወንድ" እንደ ማለት፣ አባቴ አራተኛ ሴት ልጅ ሆኜ ብወለድበት በንዴት ያወጣልኝ። ወንዱም ሳይመጣ ቀረ።

ሥራው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ቅጽ ይሞላል፤ ማን ተወለደ፣ ማን አገባ፣ ማን በየትኛው ቀን ሞተ። ዋናው የሞት ቀን ነው። ሙት ወደ ቤቱ የሚመጣው በሞተበት ቀን ነውና ማዕድ የሚቀርብለትም ያን ቀን ነው። ቀኑ ላልታወቀ ሰው በጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ በዘጠነኛው ቀን ይቀርብለታል፤ ያ ቀን የጠፉ ሰዎች ሁሉ የጋራ ቀን ነው።

አክስቴ ጆምሱን ለባሏ ለታይጁ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ማዕድ ያቀረበችው በዚያ በጋራው ቀን ነው። ታይጁ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ጦርነቱ በተነሣበት ክረምት፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከቤት እንደወጣ ቀረ። በድሮው መጽሐፍ ላይ "በሕመም አረፈ፤ ቀኑ አይታወቅም" ይላል። ሕመም! በዚያ ክረምት ኮሚኒስት ተብለው ስማቸው በመንግሥት መዝገብ ላይ የተገኘ ሰዎች በካሚዮን እየተጫኑ ወደ ሸለቆ እንደተወሰዱና እዚያው እንደተረሸኑ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እያወቀ ግን ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አፉን ሞልቶ ሕመም ይላል።

ቅጹን ይዤ አክስቴ ዘንድ ስሄድ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው።

"እኔ ማንበብ አልችልም" አለችኝ። "መጽሐፍሽ ላይ የፈለግሽውን ጻፊ። ቀኑን ብቻ ፈልጊልኝ። ሳልሞት አንድ ጊዜ እንኳ በራሱ ቀን ሩዝ ላቅርብለት።"

"አክስቴ፣ ከየት አመጣዋለሁ?"

"የታሪክ መምህርት አይደለሽም እንዴ? ሠላሳ አራት ዓመት ደሞዝ የበላሽው ታዲያ በምንድን ነው?"

ተማሪዎቼም በየዓመቱ "መምህርት፣ የሞተ ነገር ለምን እናጠናለን?" ይሉኝ ነበር። እኔም ከመጽሐፉ ላይ "ያለፈው ስሕተት እንዳይደገም" ብዬ አስጽፋቸው ነበር። በፈተናም እጠይቃቸው ነበር፣ አምስት ነጥብ ይይዛል። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለመንግሥት መዝገብ ቤት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። በዚያ ስም ምንም ሰነድ የለም አሉኝ። ቀጥዬ የጎሳው አለቃ ሽማግሌው ሶክጁ ዘንድ ሄድኩ። የአባቴና የታይጁ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት። በዚያ ክረምት የመንደሩ ሹም የሳቸው አባት ነበሩ።

"አንቺ ልጅ፣ የዳነ ቁስል አትነካኪ" አሉኝ።

"ለማን ነው የዳነው አባባ?"

"ለሁላችንም። የገዳይም የሟችም ልጆች በአንድ ቦይ ውሃ ሩዝ እያበቀልን እዚህ ደርሰናል። ታሪክ ሰው አብሮ እንዲኖር ካልረዳ ምን ይሠራል? ሕመም ተብሏል፣ ሕመም ይሁን። ቀኑን የሚያውቅ ሰው የለም፣ አለቀ።"

እየተቃጠልኩ ወጣሁ። በጣም ያበሳጨኝ ደግሞ ንግግራቸው ሞኝነት አለመሆኑ ነው።

በሳምንቱ የሳቸው ቤት ቅጽ ደረሰኝ። የሞላችው ምራታቸው ኦክሄ ናት። የጎሳው ዋና ቤት ምራት ስለሆነች የአራት ትውልድ ሙታን ማዕድ በሷ ጫንቃ ላይ ነው። ምስኪኗ ከወጥ ቤቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የማዕዱን ቀኖች አንድ በአንድ ገልብጣልኛለች፤ የማን እንደሆነ እንኳ አልጻፈችም። ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁት። አባትና እናት፣ አያትና ሴት አያት፣ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛው ትውልድ ስምንት ሙታን አሉ። ቀኖቹ ግን ዘጠኝ ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። አምስተኛው ወር፣ ሃያ ስምንተኛው ቀን፣ ባለቤት የለውም።

ስልክ ደወልኩላት።

"ኦክሄ፣ የአምስተኛው ወር ሃያ ስምንት የማን ነው?"

"እኔስ ምን አውቄ እትዬ? ከተዳርኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ ሠላሳ ዓመት በዚያ ሙቀት አሳ እጠብሳለሁ። አንድ ጊዜ 'የማን ነው?' ብላቸው 'ሥራሽን ሥሪ' አሉኝ። ለሌሎቹ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰቅላሉ። ለዚህኛው ባዶ ወረቀት ነው የሚሰቅሉት። ከሰገዱም በኋላ ቶሎ አይነሡም። ተሳሳትኩ እንዴ? ልሰርዘው?"

"እንዳትነኪው!" ብዬ ጮኽኩባት።

ቅጹን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ ማለት ይቻላል። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ቅጹን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩና ጣቴን ዘጠነኛው ቀን ላይ አሳረፍኩ። ብዙ አዩት። ሬዲዮኑን ዘጉት።

"ይህቺ ልጅ፣ ቆጥራ አታውቅም ነበር እኮ" አሉ፤ ምራታቸውን ማለታቸው ነው።

"ቀኑን የሚያውቅ ሰው የለም ብለውኝ ነበር።"

"አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር" አሉ። "ከላይ ከየመንደሩ ይህን ያህል ሰው አስመዝግቡ የሚል ትእዛዝ መጣ። አባቴ ቁጥሩ ሲጎድልበት የታይጁን ስም ሞላበት። ታይጁ ከፖለቲካ ምን አገናኘው? ከበሬው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ያን ቀን ጥራው ብሎ የላከኝ አባቴ ነው። 'ወንድም ጋሼ፣ ገብስ እያደሉ ነው፣ መፈረሚያ ማኅተምህን ይዘህ ና' አልኩት። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ነው የተከተለኝ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ገብሱ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ሸለቆውን አላውቅም ነበር።" ዓይናቸውን ጠረጉ። "ቀኑን ጻፊ። ምክንያቱን ግን ተይው። የልጅ ልጆቼ የአባቴን ስም በዚህ አይወቁት።"

"ቀን ብቻውን ምን ይሆናል? ማን ገደለው፣ ለምን ሞተ ካልተባለ ቁጥር ነው እንጂ ታሪክ ነው?"

"አክስትሽ የጠየቀችው ቀን ነው። ምክንያቱን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ።"

ደሜ ፈላ። እውነታቸውን ነው፣ ደግሞም አይደለም። ማልቀስ ቃጣኝና በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ፤ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴትዮ!

አክስቴ ቤት እንደደረስኩ ሁሉንም ነገርኳት። መጽሐፉ ላይ "ተረሸነ" ብዬ እንደምጽፍ፣ የጎሳው ሽማግሌዎች ቢጮኹም ጆሮ ዳባ ልበስ እንደምል፣ ዝርዝሩን ማን እንደሞላ ጭምር እንደማሰፍር ነገርኳት። እሷ ግን ይህን ሁሉ የሰማችው አልመሰለኝም።

"አምስተኛው ወር፣ ሃያ ስምንት" አለች።

"አዎ አክስቴ። ሁለት ወር ነው የቀረው።"

"በየዓመቱ ያቀርብለት ነበር? አንድም ዓመት ሳያጓድል?"

"ኦክሄ እንደነገረችኝ፣ አዎ። ነጭ ሩዝ፣ የሥጋ ሾርባ፣ አሳ፣ ፍራፍሬም።"

አንገቷን ደፋች። ታዝንለታለች ብዬ ፈራሁ፤ አሁን ይቅር ትለዋለች፣ እኔም ከነንዴቴ ብቻዬን ልቀር ነው ብዬ አሰብኩ። ቀና ስትል ግን ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

"እኔ በባዶ ቀን ሩዝ አስቀምጬ ሳለቅስ" አለች፣ "ባሌ በራሱ ቀን እዚያ ቤት ሲበላ ኖሯል። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ከጠራው ልጅ እጅ!"

"አክስቴ..."

"ሂጂና ንገሪው። በመጽሐፉ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ሕመምም በሉት፣ ጥይትም በሉት፣ ተጣሉበት። ዘንድሮ ግን በሃያ ስምንተኛው ቀን ምንም እንዳያቀርብ። በሩንም ይዝጋ። ሰውዬው ወደ ቤቱ ይምጣ።"