ትኬት ቆራጯ

መርሳ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ የልጆች መዝናኛ ነበር። መዝናኛ ይባል እንጂ ያለው ሁለት ዥዋዥዌ፣ አንድ ሸርተቴና በሞተር የሚዞር አንድ ሽክርክሪት ነው። ሽክርክሪቱን የሠራው አብዱልሐሊም የሚባል የከተማው በያጅ ነበር። ከተጣለ አይሱዙ ላይ ያወጣውን አክሰል መሬት ላይ ተክሎ፣ በብረት ክንዶች ወንበር አንጠለጠለበት። ወንበሮቹን ፈረስ፣ በሬና ግመል አስመስሎ ቀጥቅጦ ቀለም ቀባቸው። ከአፋር በኩል ለገበያ የሚመጡ ግመሎችን እያየ ያደገ የመርሳ ልጅ ሁሉ ግመሏ ላይ ካልተቀመጥኩ ብሎ ያለቅስ ነበር።

የብረቱንና የሞተሩን ወጪ የሸፈነው ሃብተሥላሴ ነው። ወልድያ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ፣ ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው ቆቦ የሰፈሩ ሰው ነው። አብዱልሐሊም ዕቃ ሊገዛ ሲመላለስ ተዋወቁ፤ ትውውቁ ወዳጅነት፣ ወዳጅነቱ ሽርክና ሆነ። ሚስቶቻቸውም ተዋደዱ። ለኢድ የሃብተሥላሴ ሚስት ጽገረዳ ልጇን ሰምሃርን ይዛ መርሳ ትወርዳለች፤ ለጥምቀት ደግሞ የአብዱልሐሊም ሚስት ረሂማ ልጇን ናጅዋን አስከትላ ወልድያ ትወጣለች። ያኔ ትኬቱ አምስት ብር ነበር።

በ2013 ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደረሰ። አብዱልሐሊም እናቱን ሊያመጣ ወደ ውርጌሳ እንደሄደ መንገድ ላይ የወደቀ ከባድ መሣሪያ ገደለው። ከየት በኩል እንደተተኮሰ ለረሂማ በእርግጠኝነት የነገራት ሰው የለም። መኪና በሌለበት፣ ሰው ከቤቱ መውጣት በሚፈራበት በዚያ ወቅት ሃብተሥላሴ ከወልድያ መርሳ ድረስ በእግሩ መጥቶ ለቅሶ ተቀመጠ። ከመመለሱ በፊት ከረሂማ ጋር ሆኖ የሽክርክሪቱን ሞተር ፈታና ጭድ ውስጥ ቀበረው። «ይህ ጊዜ ያልፋል» አላት። «ሲያልፍ የልጆቻችን እንጀራ ይኸው ነው።»

ጊዜው አለፈ። ታኅሣሥ ላይ ከተሞቹን ይዘው የነበሩት የትግራይ ታጣቂዎች ከወልድያም ከመርሳም ወጡ። በሳምንቱ ግን ሃብተሥላሴን «ለማጣራት ነው» ብለው ሰዎች ከቤቱ ወሰዱት። ሱቁም ተዘረፈ፤ በሩ እንኳ ተነቅሎ ሄደ። ረሂማ ይህን እንደሰማች ወልድያ ወጥታ ጽገረዳንና ሰምሃርን ይዛቸው ወረደች።

«እስኪመለስ እኔ ጋ ትቆያላችሁ» አለች። «ቤቱም ባዶ ሆኖብኛል።»

መጋቢት ላይ ሁለቱ ሴቶች ሞተሩን ከጭድ ውስጥ አውጥተው መዝናኛውን ከፈቱ። ጽገረዳ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ ትኬት ትቆርጣለች፤ ረሂማ ሽክርክሪቱን ታንቀሳቅሳለች። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስለነበር የሚሠሩት በጀነሬተር ነው። ቤንዚን ደግሞ ከማደያ የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ እየተሞላ፣ ሻጩ በጠራው ዋጋ ይገዛል። ሲከፍቱ ትኬቱን አሥራ አምስት ብር አደረጉት። ሰው አጉረመረመ፤ ግን መጣ። ኢድ ሲቃረብ ቤንዚኑ እንደገና ጨመረና ረሂማ ሃያ አምስት ልታደርገው ቆረጠች።

«ሃያ አምስት?» አለች ጽገረዳ። «ረሂማዬ፣ ተይ። አሥራ አምስት ስናደርገው እንኳ ስንት ተባለ።»

«ምን ላድርግ? በአሥራ አምስት ካስነሳሁት ከጉሮሯችን ነው የምጨምረው። መዝጋት ይሻላል ታዲያ?»

«መዝጋት አላልኩም። በዓሉ ይለፍና አድርጊው።»

«በዓሉ ካለፈ ማን ይመጣል?»

ጽገረዳ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ዋጋ ስትጨምሪ ሰው አንቺን አያይም» አለች። «መስኮቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔን ነው የሚያየው።»

«ኧረ በአላህ! የማንን ወሬ ትሰሚያለሽ» አለችና ረሂማ አዲሱን ዋጋ ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቀለችው።

ካርቶኑ በተሰቀለ ማግስት ግራና ከሚባለው አጎራባች ገጠር የሆኑ ኡበይደላ የሚባሉ ገበሬ የልጅ ልጃቸውን ለይላን ይዘው መጡ። ሽንኩርት ሸጠው ሲመለሱ ነው። ካርቶኑን አስነበቡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከፍላ የት ደርሳ ልትመለስ ነው?» አሏት ጽገረዳን።

«የትም አትደርስም፣ አባቴ። ዞራ እዚሁ ነው የምትወርደው» አለች ጽገረዳ እየሳቀች። «ቤንዚኑ ተወድዶብን ነው እንጂ እኛም ወደን አይደለም። ከከበደዎት ግድ የለም፣ እኔ ላሳፍራት።»

«የለም፣ የለም። በነፃ አይሆንም። ሰው ሠርቶበታል።» ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። ለይላ ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ የአያቷን ጋቢ ጫፍ ሳትይዝ አትንቀሳቀስም ነበር። ግመሏ ላይ ሲያስቀምጧትም ጋቢውን አልለቅ ብላ ጎተተች። ረሂማ በእርጋታ እጇን አላቀቀችና ሞተሩን አስነሳች። መጀመሪያ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀጥሎ ገለጥ አደረገች፤ ከዚያ በአያቷ ፊት ባለፈች ቁጥር ትጮኽ ጀመር፤ የደስታ ጩኸት ነበር። ሽማግሌው ያን ሲያዩ እንደገና ወደ መስኮቱ መጡ።

«አንድ ድገሚኝ» አሉ። «በዚህ ብር ገበያው ውስጥ የሚገዛልኝ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት እንደሆነ ከቤቴ ሞልቷል።»

በከተማው ግን ሁሉም እንደ እሳቸው አላሰበም። ከኢድ በፊት በዋለው ገበያ ረሂማ ቲማቲም ስትመርጥ አጠገቧ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ ማሚቴ የምትባል፣ ጀርባዋን የሰጠች የሰፈሯ ሰው ናት።

«ያቺ ትግሬዋ ሴትዮ እኮ ናት ዋጋውን የሰቀለችው።»

«ረሂማ የዋህ ናት፣ እያታለለቻት ነው።»

«እነሱ ምን አለባቸው። ቤታችንን ጨርሰው፣ አሁን ደግሞ በልጆቻችን ይነግዳሉ።»

ረሂማ የመረጠችውን ቲማቲም ለሻጩ አቀበለች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት» ማለት ነበረባት፤ ቃሉም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን የዋህ መባሏ፣ ባሏ የሞተባት ምስኪን ተብላ መታየቷ መሸሸጊያ ሆናት፤ ሰዉ በእሷ አልተቆጣም። ከፍላ ሄደች። ቤት ስትገባ ጽገረዳ እራት ሠርታ፣ ሁለቱን ልጆች አጥባ ጠበቀቻት። ረሂማ ስለ ገበያው ምንም ሳትናገር በላች።

የኢድ ዕለት ከሶላት በኋላ መዝናኛው ሞላ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ስለነበር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ነው። ናጅዋና ሰምሃር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሰምሃር ግመሏ ላይ ናት። ከኋላዋ በሬው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ እናቷ ከአጥሩ ሥር ሆና ጠራቻት። «ከዚያ ውረጂ! ከእሷ ኋላ አትቀመጪ!» ልጅቷ ሳይገባት ወረደች። ሰምሃር ግን ገብቷት ነበርና ቀና ያለው አንገቷ ዝቅ አለ።

ይህ ሳያንስ መስኮቱ ዘንድ ጩኸት ተነሣ። ፈንታው የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ሁለት ልጆቹን ይዟል። ወንድሙ በጦርነቱ ሞቷል።

«ሃምሳ ብር ለሁለት ልጅ? አታፍሪም?»

«ወንድሜ፣ ቤንዚኑ…» አለች ጽገረዳ።

«ወንድምሽ አይደለሁም! ወንድሜን ከቀበርኩ ቆየሁ። የሞትነው እኛ፣ የምትሸጡልን እናንተ!» በመስኮቱ እጁን አስገብቶ የትኬቱን ጥራዝ መንጭቆ ወረወረው። ትኬቶቹ አቧራው ላይ ተበተኑ። ከኋላው የነበሩት አንዳንዶቹ «ተው» አሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «እውነቱን ነው» አሉ።

ረሂማ ጀነሬተሩን አጠፋች። ሽክርክሪቱ ቀስ እያለ ቆመ። በሰዎቹ መሀል አልፋ ከመስኮቱ ፊት ቆመች።

«ፈንታው፣ ባሌ የሞተብኝ እኔ ነኝ» አለች። «ዋጋውን የጨመርኩትም እኔ ነኝ። እሷ አትጨምሪ ብላ ለምናኝ ነበር። ባሌ ሲሞት ከወልድያ በእግሩ መጥቶ የተቀመጠልኝ የእሷ ባል ነው። ከእናንተ ስንቱ መጣ? ፈርታችሁ ነው፣ አልፈረድኩባችሁም። እሱ ግን መጣ።»

ፈንታው ዓይኑ ቀልቶ አያት።

«ልትሸፍኚላት ነው» አለ በመጨረሻ። «ስለምታዝኚላት ነው እንዲህ የምትዪው።» የልጆቹን እጅ ይዞ ወጣ። ልጆቹ እየዞሩ ሽክርክሪቱን እያዩ ተከተሉት። ሌሎችም ተከትለው ወጡ፤ ማሚቴም አንገቷን ደፍታ ልጇን አስከትላ ወጣች። የቀሩትም ቆመው አዩ። ከግራና ለበዓሉ የመጡት ኡበይደላ ብቻ ጎንበስ ብለው ትኬቶቹን ከአቧራው መልቀም ጀመሩ። ሁሉንም ለቅመው በመስኮቱ አቀበሏትና፣ «ለለይላ አንድ ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ። ጽገረዳ አቧራውን አራግፋ አንድ ቆርጣ ሰጠቻቸው።

በዚያው ምሽት ልጆቹ እንደተኙ ረሂማ የገበያውን ነገረቻት። ምን እንደሰማች፣ ዝም ብላ እንደመጣችም ሳትደብቅ ነገረቻት። ጽገረዳ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ዛሬ የተናገርሽውን ያን ቀን ብትናገሪው ኖሮ ሁለት ሴቶች ነበሩ የሚሰሙት» አለች። «ሁለት ሰው ያምን ይሆናል። መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ግን አያምንም።»

«አውፍ በይኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ከቤትሽ አስገብተሽ አብልተሽኛል፤ እንዴት እቀየምሻለሁ? ግን ልጄ ዛሬ አንገቷን ስትደፋ አይቻታለሁ። ደሴ እሄዳለሁ። ሃብተሥላሴም የታሰረው በዚያ በኩል ነው ይላሉ፤ ቢያንስ ስንቅ አቀብለዋለሁ።»

ረሂማ ለመነቻት፤ አለቀሰች፤ ካርቶኑን አውርዳ ዋጋውን እንደምትመልሰው ማለች። ጽገረዳ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ናጅዋ መናኸሪያው ውስጥ የሰምሃርን ቀሚስ ይዛ አልለቅ አለች፤ ረዳቱ «ልንሄድ ነው» እያለ የአውቶቡሱን ጎን እየመታ ነው የተለያዩት።

ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ረሂማ ራሷ ናት፤ ሽክርክሪቱን እንዲያንቀሳቅስላት የእህቷን ልጅ ቀጠረች። ሰኔ ላይ ቤንዚን ጨመረና ትኬቱን ሠላሳ አደረገችው። ጭቅጭቅ ጠብቃ ነበር። ማንም አልተከራከራትም። አንድ እሑድ ፈንታው ልጆቹን ይዞ መጣ፤ ካርቶኑን አየ፤ ስልሳ ብር ቆጥሮ በመስኮቱ አስገባ።

«ቤንዚን እኮ ተወደደ» አላት። «አንቺ ምን ታደርጊ። አላህ ያበርታሽ።»

ረሂማ ትኬቱን ቆርጣ ሰጠችው። ልትናገረው የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን የሚሰማ ጆሮ አልታያትም። የዚያን ዕለት ሰው ሳይሄድ ቀድማ ዘጋች።

ነሐሴ ላይ ውጊያው እንደገና አገረሸ። ከቆቦ የተፈናቀለ ሰው መርሳን ሞላው። ረሂማ የመዝናኛውን በር ከፍታ ቤተሰቦች እንዲያድሩበት አደረገች፤ በሽክርክሪቱ ክንዶች ላይ ሸራ ተወጥሮ ልጆች ከሥሩ ተኙ። ቤንዚንም ሥራም አልነበረም። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሰላም ተፈረመ እስኪባል ድረስ እንዲሁ ቆየ።

ተፈናቃዮቹ ወደ ቀያቸው ተመልሰው፣ መዝናኛው እንደገና ከተከፈተ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ጽገረዳ ከደሴ ደወለች።

«ሃብተሥላሴ ወጣ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ! ደኅና ነው?»

«ከስቷል። ብዙም አያወራ። ግን ከቤት አለ።»

ረሂማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት፣ «በሉ እንግዲህ ኑ» አለች። «መዝናኛው የእናንተም ነው። መስኮቱ እንዳለ ነው።»

«ትኬቱ ስንት ገባ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ሰዉ ምን አለ?»

ረሂማ መዋሸት ትችል ነበር። «ምንም አላለም» አለች።

ረሂማ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ?» አለች።

«አለሁ» አለች ጽገረዳ። «እኔ አልመጣም፣ ረሂማዬ። አንቺን ጠልቼ አይደለም። እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጬ የእያንዳንዱን ሰው ዓይን ማየት አልችልም። ሰምሃር ግን ናጅዋ ናጅዋ እያለች አስቸግራኛለች። ትምህርት ሲዘጋ ልላካት?»

«ዛሬም ብትልኪያት።»

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሰምሃር ለሹፌሩ በአደራ ተሰጥታ ብቻዋን መጣች። አውቶቡሱ መርሳ ሲደርስ ረሂማና ናጅዋ ቀድመው ቆመው ነበር። ናጅዋ በእነዚያ ወራት ረዝማ ስለነበር ሰምሃር በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ናጅዋ ስሟን ስትጠራት ግን ሁለቱንም ደረጃ በአንዴ ዘላ ወረደች።