የመስመሩ ቁልፍ

የጣቢያዋ አለቃ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገች። ጥፋቱ ግን የመነጽሩ አልነበረም። ባቡሮቹ እንደ ጉንዳን ሲሳቡበት የዋለው የግድግዳው ስክሪን ጭልም ብሏል። ከመስኮቱ ሥር የመንገደኞች ባቡር ሞተሩ እያጉረመረመ ቆሟል። የሚነዳው ልጇ ነው።

ከዚህ እስከ ላይኛው ጣቢያ ያለው ሀዲድ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይጠብቃል። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ የሚናገረው ደግሞ ያ የጨለመው ስክሪን ነበር።

ዋናው መሥሪያ ቤት ስትደውል «እንደ ሁኔታው ወስኚ» አሏት።

«ሁኔታውን ባውቀውማ መች እደውል ነበር» አለች። ስልኩ ግን ተዘግቷል።

ሠራተኞቹ ከጀርባዋ «እትዬ ቀስ» ይሏታል፤ ታውቃለች። ዝናብ ሲመጣ ድልድዩን፣ ፀሐይ ሲበረታ ሀዲዱን፣ ምንም ሳይኖር ደግሞ ዝምታውን የምትፈራ ሴት ናት። «የፈሩት ይደርሳል» እያሉ ያሾፉባታል። አለቃ ሆና ስትሾም ያልሳቀ አልነበረም።

«ስክሪኑ እስኪመለስ እናቁመው» አለ ምክትሏ። «ማን ይጠይቀናል?»

የእሷም ልብ ያንኑ ነበር የሚላት። የቆመ ባቡር ማንን ይጎዳል? ይህን እያሰበች ወደ መስኮቱ ተጠጋች። መንገደኞቹ ሰልችቷቸው እየወረዱ ነው። አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ ሀዲድ ሀዲዱን ወደ ኩርባው ታዘግማለች። ሌሎችም ተከትለዋታል። ከኩርባው ባሻገር ዋሻ አለ።

«ውረድና መልሳቸው።»

«ብመልሳቸውም ዞር ስል ይወርዳሉ፣ እትዬ።»

እውነቱን ነው። መቆሙም አደጋ ሆነ።

ላይኛው ጣቢያ ደወለች። የዚያ አለቃ አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነው።

«መስመሩ ነፃ ነው፣ እህቴ። የጭነቱ ባቡር እኔው ጋ ቆሟል። ልቀቂው።»

«ነጂውን አቅርብልኝ፤ ድምፁን ልስማ።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«አምንሃለሁ። ግን አቅርብልኝ።»

ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ እያኘከ የሚናገር ሰው መጣ። «አቤት እትዬ። ምሳ ላይ ነኝ፤ ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

«ብላ ልጄ፣ ብላ» አለች፤ እስትንፋሷ ተመለሰ። እዚያ የሚያኝክ ሰው ዋሻው ውስጥ ሊነዳ አይችልም። እሷ ራሷ እስክትደርስ ከዚያ አንድም ባቡር እንዳይነሳ ለአለቃው ነገረችው፤ ቃሏንም አስደገመችው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የሀዲድ ጠጋኞቹ ጠዋት በእጅ የሚገፋውን ጋሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል። የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም፤ በዋሻው አካባቢ ስልክ አይሠራም።

ከመሳቢያዋ ቀይ ጨርቅ አወጣች። ምክትሏን ሳቅ አመለጠው። ያን ጨርቅ ለፈተና ካጠኑት ወዲህ ያነሳው የለም፤ መስመሩ ሲታወር አንድ ሰው ክንዱ ላይ ያስረውና ራሱ የመስመሩ ቁልፍ ይሆናል። እሱ ያልተሳፈረበት ባቡር አይገባም።

«እኔ ልሂድ» አለ ሳቁን ትቶ።

«ሰው ልኬ እዚህ ብቀመጥ በሐሳብ አልቃለሁ እንጂ ለማንም አልረባም። ጣቢያው ያንተ ነው፤ ከስልኩ አትራቅ።»

«ልጅዎ ባይሆን ኖሮ ይሄዱ ነበር?»

እንዲያስርላት ክንዷን ዘረጋችለት።

ጥሩምባው ሲነፋ መንገደኞቹ እየተጠራሩ ተመለሱ፤ ሕፃን ያዘለችው እናት ከሁሉም በኋላ ተሳፈረች። ልጇ ከመሪው ክፍል ቁልቁል አያት።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ቁልፍህ ነኝ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ እኮ ኤሊ ትቀድመናለች።»

አልሳቀችም። ኩርባውን እንደዞሩ የዋሻው አፍ ፊት ለፊት ተከፈተ። አስቆመችውና ጥሩምባ አስነፋችው። ጠጋኞቹ ጥሩምባ ሲሰሙ ሀዲዱን በመዶሻ መደብደብ ልማዳቸው ነው፤ «አለን» ለማለት። ምንም አልተሰማም። ደግሞ ነፋ።

«የሉም፣ እንግባ» አለ።

«ወይም አልሰሙም።»

ባትሪዋን አነሳች። እጇን ያዛት። «እኔ ልውረድ፣ እማዬ።»

«አንተ ፍሬኑን ያዝ። በእርምጃዬ ልክ ተከተለኝ፤ መብራቴ ከጠፋብህ ቁም።»

ወረደች። ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ተንሸራተተ፤ የዋሻው ብርድ ፊቷን መታው። ከኋላዋ ያን ሁሉ ነፍስ የጫነው ብረት በእርምጃዋ ልክ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዞራ ልጇን ማየት ፈለገች። አልዞረችም። ባትሪዋን ወደ ፊት አበራች፤ ብርሃኑ እስከደረሰበት ድረስ ሀዲዱ ባዶ ነበር። እስከዚያ ተራመደች። ከዚያም ባትሪዋን ደግማ ከፍ አደረገች።