የተሰረዘው ስም

ወንድሜ ጆሳያ በዚያ ሳምንት ዕረፍት ያጣው ሥልጣን ስለ ቀረበት መስሎኝ ነበር። ስሕተቴን ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዱቄቱ ከረጢት እስከ ሻዩ ሣጥን፣ ከሻዩ ሣጥን እስከ በሩ ሲመላለስ፣ የሱቁ ሳንቃ በጫማው ሥር ሲያቃስት፣ ለእኔ የሚታየኝ ወንበሩን የተነጠቀ ሰው ብቻ ነበር።

ከባንኮኒ ተነሥቶ ሜልቦርን ምክር ቤት የገባው ጆሳያ አንድ ሕግ ለማስወጣት ሁለት ዓመት ታግሏል፤ መራጭ ድምፁን በአደባባይ እየጮኸ ሳይሆን ከመጋረጃ ጀርባ፣ በወረቀት፣ ማንም ሳያየው እንዲሰጥ። ሕጉ ወጣ። በዚያው ሕግ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ግን በብዙ በጎች ባለቤቱ በሎክሃርት በአሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፈ።

በማግሥቱ ጋሪ ነጂው ፔንጌሊ እየጮኸ ገባ።

"ጋሼ ጆሳያ፣ ተዘርፈናል! እኔ በእጄ ስምዎ ላይ እንዲህ ያለ መስመር ግጥም አድርጌበታለሁ፤ እርሳሱ ሊሰበር ምንም አልቀረው!"

"ስሜ ላይ?" አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ሎክሃርት ላይ ላስምርለት? ምን በወጣኝ!"

በአዲሱ ሥርዓት የሚሰረዘው የማይፈለገው ሰው ስም ነበር። ፔንጌሊ የሚወደውን ሰው በገዛ እጁ ሰርዞታል።

እኔ ወዲያው ብዕር አነሣሁ። ምርጫው እንዲሻር የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፌ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁና እንደ ፔንጌሊ የተሳሳቱት እንዲፈርሙበት ወደ ሱቁ ለሚገባው ሁሉ "አንተስ የማንን ሰረዝክ?" ማለት ጀመርኩ። የፖስታ ሠረገላው ወደ ሜልቦርን የሚነሣው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ዓርብ ሠላሳ ሦስት ሰው ፈርሞ ነበር።

ሠላሳ አራተኛው በግ ሸላቹ ቢድልኮም ነው። ጥያቄዬን ሲሰማ በእጁ የያዘውን ቦት ጫማ አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ።

"ያው... የጋሼን ነዋ፣ እትዬ ኬዚያ። በስሕተት።"

ፈረመ። የመዳፉ ላብ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ቀረ። ጫማውን ሳይገዛ ወጣ።

"ይሄ ሰውዬ አልመረጠኝም" አለ ጆሳያ።

"በምን አወቅህ? ማንም እንዳያውቅ ብለህ ሕግ ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ! አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ቆሜ ስሸጥ የከረፋ ቅቤዬን 'ግሩም ነው' እያሉኝ ወስደዋል። መጋረጃውን የለመንኩት ከሎክሃርት ዓይን ብቻ እንዲጋርዳቸው ይመስልሻል? ከእኔም ነው። ካንቺም።"

"ፔንጌሊስ ዋሸ?"

"ፔንጌሊ እውነቱን ነው። ግን እሱን ከቢድልኮም የምለየው ሁለቱንም ዳኛ ፊት አቁሜ የማንን ሰረዛችሁ ብዬ በማስማል ነው። ያኔ መጋረጃው የት አለ?"

"እንግዲያው ሎክሃርት ወዳጆችህ በስሕተት የሰጡት ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ይቀመጥ! ፈሪ!"

ጆሳያ ወንበሩን ምን ያህል እንደሚወደው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምክር ቤት የሚለብሰውን ጥቁር ካፖርት ከመስቀያው አወረደ፤ መልሶ ሰቀለው፤ እንደገና አወረደው። ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ማመልከቻውን አጣጥፎ ይዞ ደጁ ላይ ቆመ፤ ፈረሶቹ ሲጠመዱ አንድ እርምጃ ወደ ጎዳናው ወረደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወረደ። ነጂው "የሚላክ አለ?" ብሎ ሲጣራ ማመልከቻውን ከጀርባው ደበቀው።

ሠረገላው ያለ ማመልከቻው ሄደ። ሰኞ ዕለት ጆሳያ ማን ማንን እንደ ሰረዘ ማስረጃ እንዳይቀር ሠላሳ አራቱን ፊርማዎች ከማመልከቻው እየቆረጠ፣ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ለየባለቤቶቻቸው መለሰ።