የጨረቃዋ ማኪና ዓይኖች

ወይንሸት ከሞስኮ ፊዚክስ ተምራ ከተመለሰች ወር አልሞላትም። ዳባት ለማስተማር ተመድባ፣ ከጎንደር በአያ ቢሻው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈረች። ሽማግሌው ሹፌር እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ አዙረው ያዩአታል። እንዲህ የሚያከብራት አድማጭ አግኝታ ስለማታውቅ ኮራ አለች።

«ጓድ መምህርት፣ መስኮቦች ጨረቃ ላይ ማኪና ነዱ የሚባለው እውነት ነው?» አሏት።

«እውነት ነው። ሹፌሮቹ ግን እዚሁ ምድር ላይ ሆነው፣ ካሜራ የሚልክላቸውን ምስል እያዩ ነው የነዱት። ርቀት ለማወቅ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ይደረጋል። የቅርብ ድንጋይ በሁለቱ ምስል ላይ ቦታው በጣም ይለያያል፤ የሩቁ እምብዛም። ከልዩነቱ ርቀቱ ይሰላል።»

«ምነው፣ አንዱ ካሜራ ቢጠፋስ?»

«በቀረው አንስቶ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ማንሳት ነው። ያው ሁለት ምስል ይሆናል።»

«ሸጋ ነው!» ብለው ፈገግ አሉ።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፉ ጉም ወረደ። ከፊታቸው ትልቅ ቋጥኝ ተንከባሎ በገደል አፋፍ የሚሄደውን መንገድ አጥብቦታል። አያ ቢሻው መኪናውን አቆሙ። አንገታቸውን መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ሰገግ አድርገው ቋጥኙን አዩት። ከዚያ በቋጥኙና በገደሉ መካከል፣ አንዱንም ሳይነኩ፣ ቀስ ብለው አለፉ።

ወይንሸት ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ ቢሻው፣ የትኛው ዓይንዎ ነው የማያየው?»

ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ አዞሩላት።

«በአንቺ በኩል ያለው።»