ሦስት ዙር የታጠበ ቀሚስ

በዚያ መንገድ ላይ፣ ምናልባትም በመላው ዓለም፣ እንደ እድፍ አይምሬ ያለ ልብስ አጣቢ አልተፈጠረም። ይህን የሚለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ደንበኞቹም ይሉታል፣ እሱ ካስታወሳቸው በኋላ። ከላውንደሪው የወጣ ሸሚዝ ጠረኑ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። አንድ ጊዜ የሞተር ዘይት፣ ቀይ ወይንና የማትታወቅ ሴት የከንፈር ቀለም ያረፈበት ነጭ ኮት መጥቶለት፣ እንደ በረዶ አንጽቶ ለሚስትየው በእጇ አስረክቧል። ያ ትዳር ዛሬም አለ።

ይህን ሁሉ ያሸነፈ ሰው በአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ቆዳ ተሸነፈ። ለዚያውም በገዛ ልጁ።

የቤት ስሟ ሚጢ ነው። በስድስት ወሯ የጀመራት ችፌ የክርኗንና የጉልበቷን እጥፋት፣ አንገቷን፣ የጆሮዎቿን ጀርባ ይዞ አልለቅ አለ። ሻል ሲላት ቆዳዋ ይሻክራል፤ ሲብስባት ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ያወጣል። ታካለች። «አታኪ!» መቶ ሺህ ጊዜ ተብላለች። እናቷ ጥፍሯን ከሥር ከሥሩ ብትቆርጥባት በበር ጠርዝ መታከክ ጀመረች። የቁም ሳጥኑን የላይኛውን መደርደሪያ ያየ እንግዳ ፋርማሲ የገባ ይመስለዋል፤ ቅባቱ እንደዚያ ነው።

እናቲቱ ጥፋተኛው ምግብ ነው ብላ ቆረጠች። መጀመሪያ እንቁላል ከለከለች። ከዚያ ወተት፣ ዓሣ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን። ምግብ ሁሉ ተራ በተራ ተከሶ ከቤት ሲባረር፣ ለልጅቷ የቀራት ሩዝና ድንች ነበር። ሱሪዋ አልቆም እያለ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ።

«ከትናንት ጀምሮ ዳቦም አቁሜባታለሁ» አለች፣ አዲሷ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ልጅቷን ጫማ እያደረገችላት።

«ዳቦ? ዳቦ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አንተ ንገረኝ! አየሩን ልከልክላት?»

እድፍ አይምሬ ሌላኛውን ጫማ አንስቶ አቀበላት።

እሱም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም ነበር። ከስድስት ወር በፊት አንዲት ነርስ የጻፈችውን ወረቀት ሚስቱ ሰጥታዋለች፤ የልጅቷ ልብስ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ፣ በውኃ ብዙ ጊዜ ይለቅለቅ ይላል። አንብቦ ሳቀ። «ይሄ ለጀማሪ የተጻፈ ነው» አለ በልቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጢን ልብስ ላውንደሪው እየወሰደ ራሱ ያጥብ ጀመር። በማሽን፣ ሦስት ዙር፣ በእንፋሎት ተተኩሶ። ሲያልቅ ጉንጩ ላይ አድርጎ ይሞክረዋል፤ ጥጥ! ሚስቱም ጠረኑን ልብ አላለችውም። ቤቱም፣ አልጋውም፣ ባሏም ያንኑ ስለሚሸቱ አፍንጫዋ ከደነዘዘ ቆይቷል።

ሐኪሟ ሚጢን አልጋ ላይ አስቀምጣ ቀሚሷን ገለጥ አደረገች። ክብደቷን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ምንድን ነው የምትበላው?»

እናቲቱ ነገረቻት። ሲነገር አጭር ነበር።

«ምግብ ነው ያላችሁ ማነው? ምርመራ ተደርጎላታል?»

«የለም... እኔ ነኝ። ሲጨንቀኝ» አለችና አለቀሰች።

ሐኪሟ የልጅቷን ጆሮ ጀርባ ልታይ ጎንበስ ስትል ድንገት ቆም አለች። አፍንጫዋን ወደ ቀሚሱ ኮሌታ አስጠጋች።

«ይሄን ልብስ የሚያጥበው ማነው?»

እድፍ አይምሬ ደረቱን ነፋ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሐኪም እሱ የሚያውቀውን ነገር ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«እኔ ነኝ ዶክተር! ሦስት ዙር ነው። አንደኛው በጠንካራው ዱቄት ሳሙና፣ ሁለተኛው በረኪና፣ ጀርሙን ድራሹን ለማጥፋት። ሦስተኛው ማለስለሻ ሽቶ። ለሙሽራ ቬሎ አንድ ክዳን ነው የምጨምረው፤ ለሷ ግን ሁለት! እንዲህ የሚታጠብላት ልጅ በዓለም ላይ የለችም። ይሄን የለበሱትን ጋዋን ራሱ አንድ ቀን ቢሰጡኝ...»

ሐኪሟ አላቋረጠችውም። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ስድስት ወር! አንድ ቀን ሳላስተጓጉል!»

ይህን ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ግን እሱን ሳይሆን የልጅቷን ቀሚስ ነበር የምታየው።

«ችፌውን እርስዎ አላመጡትም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ገና ብዙ ጊዜም ሊቆይባት ይችላል። ግን በቆሰለ ቆዳ ላይ በየቀኑ ኬሚካል ሲያለብሷት ነበር። እናት፣ ምግቧን ዛሬውኑ ይመልሱላት።»

መንገድ ላይ እናቲቱ መጀመሪያ ካገኘችው ሱቅ ዳቦ ገዝታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሚጢ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው።

«የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው እናቴ። ብዪ።»

ከዚያ ባሏን ሳታየው፣ «የነርሷን ወረቀት ሰጥቼሃለሁ» አለችው።

«ሰጥተሽኛል።»

«እኔ እኮ ከአፏ ስነጥቃት ነው የከረምኩት። አንተ ደግሞ...»

ቤት እንደገቡ እድፍ አይምሬ የልጅቷን ልብስ ሁሉ አውጥቶ በሳፋ ዘፈዘፈ። በንጹሕ ውኃ፣ ሳሙና ሳይነካው። አረፋ ወጣ። ደፍቶ ለቀለቀ፤ አረፋ። ሰባተኛው ላይም አረፋ። ልብሱ የጠጣውን እየተፋ ነበር፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ይጨምቃል።

ሚጢ የዳቦ ፍርፋሪው አፏ ላይ እንዳለ መጥታ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አባ፣ ጀርባዬን እሽልኝ።»

ሲያሳክካት ማንም አይሆንላትም፤ የሱ መዳፍ ብቻ ነው የሚያስተኛት። እጁን በሸሚዙ ጠረገና ዘረጋ።

«አትንካት!» አለች እናቲቱ ከበሩ። ቀርባ የእጁን አንጓ ይዛ ወደ ገዛ አፍንጫው አስጠጋችው። «አሽትተው።»

አሸተተው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ ቆዳው ውስጥ የገባ ሽታ ነው። ሙሽሮች የወደዱት፣ የኮራበት ሽታ።

መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ሸሚዙን አውልቆ፣ መዳፉን፣ ክንዱን፣ ደረቱን ፈተገ። አሸተተ። አልለቀቀም። እንደገና ፈተገ፤ ቆዳው ቀላ።

«አባ!» በሩ ተንኳኳ። «አባ፣ እያሳከከኝ ነው እኮ!»

«መጣሁ፣ የኔ እናት» አለ፣ እጁን ከውኃው ሳያወጣ። «መጣሁ።»