ጎብኔት በእግር ያስተማረችው

«አንተ ተቀመጥ፣ ፊንታን» አለው ጎረቤቱ ሞሲ፣ የሻይ ትሪውን ከእጁ እየወሰደ። «ነገም የሬሳ ሳጥኑን እኛ ወጣቶቹ እንሸከማለን።»

«ወጣት? ስልሳ አራት ዓመትህ ነው እኮ!» አለ ፊንታን። « እኔም እሸከማለሁ።»

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የፊንታን ሚስት ጎብኔት መስኮቱ ሥር፣ ክዳኑ ባልተዘጋ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። የገባ ሁሉ እጇን ይነካል፣ ባሏን «አይዞህ» ይላል፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ያንሾካሹካል።

«ቀኝ ጎኑ ሽባ ነበር። ዳገቱ ላይ ቢወድቅስ?» የምትለው የፊንታን ልጅ ኦርላ ናት። እሱም ሰምቷታል።

ጎብኔት በዚህች የአየርላንድ መንደር ለአርባ ዓመት አስተምራለች። ማባዛት እምቢ ያለውን ልጅ ከወንበሩ አስነስታ ግቢው ውስጥ እያዘለለች ማባዣውን ታስቆጥረው ነበር። አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ይሄ ትምህርት ነው ጭፈራ?» ቢላት፣ «የልጆቹ ጭንቅላት ምን ላይ የቆመ መሰለዎት?» አለችው።

ፊንታን በስትሮክ ሲወድቅም አልራራችለትም። ከሆስፒታል ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቢተኛ፣ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

«እግርህ ከአንተ ነው የሚማረው። አንተ አኩርፈህ እሱ ምን ይማር?»

በየማለዳው እንደ ተማሪዎቿ ማባዣውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ተራመደ። መጀመሪያ እስከ አጥሩ በር፤ በጸደይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። በመኸር እሷ ታመመች፤ ተሽከርካሪ ወንበሯን እየገፋ ያንሸራሽራት የነበረውም እሱ ነው።

በማግስቱ ፊንታን ከሌሎቹ ጋር ሳጥኑን በደህናው ትከሻው ተሸከመ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቀኝ እግሩ ቀጥ አለ። ሰልፉም አብሮ ቆመ።

«አባዬ፣ በቃ!» አለች ኦርላ።

«ሰው ይተካህ?» አለ ሞሲ ከኋላው።

ፊንታን ጥርሱን ነከሰ። «ሰባት በአንድ…»

 ከተሸካሚዎቹ አምስቱ የጎብኔት ተማሪዎች ነበሩ።

«ሰባት!» አለ አንዱ።

እግሩ ተነሳ። «ሰባት በሁለት…»

«አሥራ አራት!» አሉ ሁሉም፣ እኩል እየረገጡ። ማባዣውን እየደጋገሙ ሄደው፣ ሰባት በአሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ሳጥኑን መቃብሩ አፋፍ አሳረፉት።

ጸሎቱ ሲያበቃ ፊንታን ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ አፈር ዘገነ። ሳጥኑ ላይ ሊበትነው ሲል ሽባ የነበሩት ጣቶቹ አልፈታ አሉ። ኦርላ ጣቶቹን ልትከፍትለት እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አላት።

የጨበጠውን አፈር ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ድረስ ቆመ።