ጢም ያላት የእንጨት ዓሣ

ሰሌዳ ጻፊዋ ዋርሳዋን የናቀችው በአንድ ቀን አይደለም። ቀስ በቀስ፣ በበቂ ምክንያት፣ እያንዳንዱን ምክንያት በደንብ አይታና መርምራ ነው የናቀችው።

የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ «እስክቋቋም ድረስ» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ። ይኸው እስካሁን አልተቋቋመም። ሐይቁ ዳር የሚውሉት አጥማጆች «ካፒቴኑ» ይሉታል፤ መርከብ ቀርቶ ጀልባ ላይ ሲወጣ እንኳ ራሱን ያዞረዋል። እሷ በአፏ «ጋሼ፣ እርስዎ» ትለዋለች። በሆዷ ግን «አንተ ጅል» ነው።

የቤቱ የፊት ክፍል የእሷ መሥሪያ ቤት ነበር። የፀጉር ቤት፣ የመድኃኒት ቤት፣ የጎማ ጥገና ሰሌዳ ሁሉ እዚያ ነው የሚጻፈው። ካፒቴኑ መጀመሪያ የጠረጴዛውን ጥግ ለመነ፤ ከዚያ ግማሹን ያዘ፤ አሁን እሷ ናት እሱን «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» የምትለው።

የሚሠራው የውሸት ዓሣ ነው። ከተሰበረ የወንበር እግር ላይ ጣት የምታክል ዓሣ ይቀርጻል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያሻታል፤ ውሃ ላይ እንዳትገለበጥ ሆዷን ቦርቡሮ የቀለጠ እርሳስ ያፈስባታል፤ ከቆርቆሮ የተቆረጠች ምላስ አገጯ ላይ ይሰካል፤ ከሥሯ መንጠቆ ያንጠለጥላል። ትልቁ ዓሣ እውነተኛ ትንሽ ዓሣ መስላው ሲውጣት መንጠቆው ይይዘዋል፤ ሐሳቡ ይህ ነው። እስካሁን በእነዚህ ዓሦች የተታለለው ግን ራሱ ካፒቴኑ ብቻ ነበር።

ቀለም ሲቀባማ ጉድ ነው። ቀዩ ሳይደርቅ አረንጓዴውን ይደርብበታል፤ ሁለቱ ይዋሐዱና ዓሣዋ ተረግጣ የሞተች ትመስላለች። ከዚያ በልብስ መቆንጠጫ ማስጫው ገመድ ላይ ይሰቅላታል፤ አጠገቧ የተሰጣው ነጭ አንሶላ ላይ ጠብ፣ ጠብ ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ሰሌዳ ጻፊዋ ከገበያ ስትመለስ የወጥ ቤቱ መረብ መጋረጃ ወገቡ ላይ ተቆርጦ አገኘችው።

«ጋሼ፣ መጋረጃዬን ምን በላው?»

«የቅርፊት ነገር ነው» አላት ቀና እንኳ ሳይል። «መረቡን ዓሣዋ ላይ ወጥረሽ ቀለሙን ከላይ መታ መታ ታደርጊዋለሽ። መረቡን ስታነሺው ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ጥበብ ነው።»

«ብሩሼስ?»

«የቱ?»

«ቫርኒሽ ውስጥ ቆሞ የደረቀው። ለቀጭን ፊደል ብቻ የማወጣው።»

«እሱማ ለዓሣ አልሆነኝም» አለ ካፒቴኑ። «ለነገሩ አንቺም የምትችዪው ፊደል ነው። ዓሣ መቀባት ሌላ ሙያ ነው፤ አትቀየሚኝ።»

ደሟ ፈላ። ለሥጋ ቤቱ የሳለችውን በሬ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲጮህበት የሚውል ሴት ናት! እሱ ሊተኛ ወደ ጓዳ ሲገባ ያልተቀባች አንዲት ዓሣ አነሳችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ነጭ ቀባቻት፤ አድርቃ ደገመቻት። ጀርባዋን ሰማያዊ፣ ሆዷን ብርማ አደረገችው። በዚያው በተቆረጠው መጋረጃ እሱ አልሞ የማያውቀውን ቅርፊት አወጣችላት። ከዚያ ወደ ፊቷ መጣች። የካፒቴኑን የወረደ ጢም ሣለችላት። ሊናገሩ ሲሉ የሚነፉትን ጉንጮች ሣለች። ከአንድ ጆሮ ተነሥተው በመላጣው ላይ አልፈው ሌላው ጆሮ ጋ የሚደርሱትን ጥቂት ፀጉሮች አንድ በአንድ ጎተተች። በመጨረሻ የሚስማር ራስ ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክራ ዓይኖቹን ጠብ ጠብ አደረገችና ቆባቸውን እንደ እንቅልፋም ከደነችው። የምትንቀው ነገር ሁሉ ጣት በምታክል አንዲት ዓሣ ላይ ተሰበሰበ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ይኸው ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለችው ስትሰጠው።

ካፒቴኑ ወደ መስኮቱ አስጠጋት፤ አራቃት፤ መልሶ አቀረባት።

«ማለፊያ ነው» አለ። «ዓይኗ ትንሽ ሰነፈ እንጂ።»

የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ወጣ። «የገዛ ፊቱን የማያውቅ ሰው!» አለች ሰሌዳ ጻፊዋ፣ ለብቻዋ ስትስቅ ቆይታ።

በማግስቱ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ እየሳቀ ገባ።

«ካፒቴኑ ራሱን መንጠቆ ላይ ሰቅሎ ውሃ ውስጥ ሲወረውር ዋለ! ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን። አንቺ ነሽ አሉ የሠራሽለት?»

«እኔ ነኝ።»

«እባክሽ ለእኔም አማቴን ሥሪልኝ።»

ከእሱ በኋላ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ መጣ፤ እሱ የእህቱን ባል ነው የፈለገው። አንድ አስተማሪ ደግሞ ርእሰ መምህሩን መንጠቆ ላይ ሊሰቅል ፎቶግራፉን ይዞ መጣ። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ነው የሚጠይቁት። ሰሌዳ ጻፊዋ እነሱንም ናቀቻቸው። «እስቲ እናያለን» እያለች ሸኘቻቸው።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከመንገድ ሲመለስ ወሬውን ዳቦ ቤት ሰምቶ ፊቱን አጥቁሮ ገባ።

«ወንድሜን የሰፈር መሳቂያ አደረግሽው?»

«ይዞ የሚዞረው እሱ ራሱ ነው።»

«አላወቀማ!»

«ታዲያ ሂድና ንገረው።»

ባሏ ወጣ፤ ግን ወደ ወንድሙ አልሄደም። የመኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ ሲያደርግ ቆየ። እሱንም ለዚያ ቀን ናቀችው።

ቅዳሜ ለጀልባ አከራዩ የጻፈችውን ሰሌዳ ለማድረስ ሐይቁ ዳር ወረደች። ሰሌዳውን መላክ ትችል ነበር፤ ሳቁን በዓይኗ ማየት አምሯት ነው የሄደችው። አጥማጆቹ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተደርድረዋል፤ ካፒቴኑ መሐላቸው ነው።

«ካፒቴን፣ ዛሬስ ማን ሊውጥህ ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ወረፋ ላይ ናቸው፤ አትቸኩል!»

ሳቁ። አንዱ ባልዲውን ጠጋ አደረገለት፤ ሌላው ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳለት። ይሄኔ ዘንጉ ጎበጠ። ካፒቴኑ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ክሩን ልቀቅለት! ልቀቅለት እንጂ!» ብለው ጮኹ።

እሱ ግን ትኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ እንደያዘ ሙጭጭ አለ። ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ዓሣው የካፒቴኑን ፊት ይዞ ወደ ጥልቁ ወረደ። ሰዎቹ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ሰሌዳ ጻፊዋም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ካፒቴኑን አይታ መልሳ ዘጋችው። ያ አፈ ልፍልፍ ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ብቻ ያያል።

ወደ ቤት አብረው ተመለሱ። መንገዱ ሊጋመስ ሲል፣

«ጢሙን ጥሩ አድርገሽው ነበር» አላት።

ቀጥ ብላ ቆመች። «ያውቁ ነበር እንዴ?»

«በየማለዳው የምላጨው ፊት እኮ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊሆንዎት ይዘውት ዞሩ?»

ዘንጉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ። «ድሮ ስሄድ ባልዲያቸውን ደርድረው ቦታ ይዘጉብኝ ነበር። ያቺ ዓሣ ከመጣች ወዲህ ግን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይጠሩኛል።»

መጀመሪያ ይበልጥ ናቀችው። ለአንድ ባልዲ ስፋት ቦታ ብሎ ፊቱን የሚሸጥ ሰው! ቀጥላ ባለባልዲዎቹን ናቀች፤ ይሄኛው ንቀት ደስ የሚል ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ያንን የሚስማር ራስ ጨብጣ ምን ያህል ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላት። ይህን አልወደደችውም። ቁልፉን ከሚገባው በላይ አዞረችና በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ሰኞ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። «የአማቴስ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ና ተቀመጥ» አለችው ብሩሹን አንሥታ። «ከአንተ ልጀምር።»

«ከእኔ? እኔን ለምን?»

«ጉንጭህ ለዓሣ ይመቻል።»

ተቀይሞ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሷ ቤት ከሥሩ ያረረውን ዳቦ እየመረጠ ይልክላታል።

በሳምንቱ ካፒቴኑ አዲስ የቀረጻትን ዓሣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልለመናትም፤ አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ ብቻ።

«ብርሃኑ ጋ ይቀመጡ» አለችው።

ተቀመጠ፤ ወዲያው ስለዚያ ክር ስለበጠሰው ዓሣ ማውራት ጀመረ። ቅዳሜ ዕለት ክንድ ያክል የነበረው አሁን በር አክሏል።

«እዚያው ቆሜ ነበር እኮ» አለችው። «ጅራቱን እንኳ አላየሁም።»

«አንቺ ከኋላ ነበርሽ። ጅራቱ እኮ ወደ ጀልባዎቹ በኩል ነው የነበረው፤ ርዝመቱን አስቢው እንግዲህ!»

«ጢምዎ ይንቀሳቀሳል፤ ዝም ይበሉ።»

ዝም አለ፤ ግን ግራ ጢሙ እስኪያልቅ እንኳ አልቻለም። ወሬውን ካቆመበት ሲቀጥል ሰሌዳ ጻፊዋ ብሩሹን ጠርጋ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ከዚያስ?» አለችው።